ሐመልማል ጠብመንጃ ስትመርጥ

ሐመልማል ወልደ ሚካኤል አሰላ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠራ ሥራዋ መጠርጠር ነበር። ገበሬው ስንዴውን በጋሪም በአይሱዙም ጭኖ ሲመጣ እሷ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረቷን ከጆንያው ጎን ትሰካና ከመሃል፣ ከታች፣ ከጥግ እፍኝ እፍኝ እያወጣች ታያለች። ላዩ ንጹህ ስንዴ ሆኖ ውስጡ የረጠበ፣ ታችኛው ጥግ ገለባና አፈር የሞላበት ጆንያ በየሳምንቱ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሟ ጠርቶ፣ የልጇን ደህንነት ጠይቆ፣ ፈገግ ብሎ የቀረባት ሰው ነው። ባልደረቦቿ፣ «ሐመልማል ሰላምታንም ወግታ ውስጡን ሳታይ አትመልስም» እያሉ ያሟት ነበር። ሐሜቱ ጆሮዋ ገብቷል፤ አልተቀየመችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ባሏ ሲሞት፣ አንድ ልጇ ኤፍራታም አዳማ አግብታ ስትቀር፣ ጡረታዋን አስከብራ ወደ አባቷ አገር ወጣች። አባቷ የተዉላት መሬት ከጢቾ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ጫካው ሥር ነው። ለረጅም ዓመታት በእኩል ሲያርሱት የኖሩት ድንበርተኛው ኦቦ ጉደታ ነበሩ። እሷ ስትመለስ ሽማግሌው ምንም ሳይሉ፣ ያጨዱትን ገብስ አካፍለው ሞፈራቸውን ይዘው ወጡ። ሐመልማልን ያሳሰባት ይኸው ምንም አለማለታቸው ነው። ሃያ ዓመት ያረሰውን መሬት ሲለቅ የማያጉረመርም ሰው ምን አስቦ ነው?

ድንችና ባቄላ ዘራች፤ አሥራ አንድ በጎችም ገዛች። በሁለተኛው ክረምት ከርከሮ ከጫካው ወርዶ የድንቹን ግማሽ በአፍንጫው ገልብጦት አደረ። ብዙም ሳይቆይ ጅብ የጋጣውን አጥር ጥሶ ሁለት በግ ወሰደ። ውሻ አሳደገች፣ ጅቡ ውሻውን በላው። ቆርቆሮ እየመታች አመሸች፣ ከርከሮው ለመደው። በመጨረሻ ለቀበሌው አመለከተች፤ ቀበሌው ለወረዳው ጻፈ፤ ወረዳው አንድ ጠብመንጃ ገዝታ እንድታስመዘግብ ፈቃድ ሰጣት። ወረቀቱ ላይ «የመሣሪያው ዓይነት» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። «ያገኙትን ይዘው ሲመጡ እንሞላዋለን» አላት ጸሐፊው።

ሐመልማል በዕድሜዋ ጠብመንጃ ነክታ አታውቅም። ያም ሆኖ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከጽሕፈት ቤቱ ሳትወጣ ምክር የሚሰጥ ተገኘ።

«ክላሽ ግዢ» አላት የቀበሌው ሊቀመንበር በረንዳው ላይ ይዟት ቆሞ። «አጭር ነው፤ ለሴት አይከብድም። ጥይቱም የትም አለ።»

ያለው ነገር እውነት ይመስላል። እሷ ግን ፊቱን አጥብቃ አየችው። ይህ ሰው አጥሯ ሲጠገን አንድ እንጨት አላቀበላትም። ለጠብመንጃዋ ምን አስጨነቀው?

«ክላሽ ያላቸው ሰዎች ምን ግዴታ አለባቸው?» ስትል ጠየቀችው።

«ያው የሌሊት ጥበቃው፣ ሮንዱ ነዋ። ተራ ይደርሳቸዋል።»

«እኔም ልወጣ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «አንቺ ባትወጪም መሣሪያው ይወጣል። ለሚወጣው ልጅ ታውሺዋለሽ።»

እንግዲህ ይኸው ነው አለች በልቧ። ጠብመንጃው በእሷ ገንዘብ ይገዛል፣ በእሷ ስም ይመዘገባል፣ በሰው ትከሻ ይውላል። በጠፋ ቀን የምትጠየቀው እሷ፣ ጥፋት በተሠራበት ቀን የምትታሰረውም እሷ ናት። አመስግናው ወረደች።

ማታውኑ ኦቦ ጉደታ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«አደ ሐመልማል፣ ጠብመንጃ ልትገዢ ነው አሉ።»

«ኤዬ፣ እውነት ነው፣ ኦቦ ጉደታ። ምን ይሻላል ይላሉ?»

«ምንሽር» አሉ ሳያመነቱ። «ረጅሙን። አባቴ የያዙት እሱን ነበር። ክላሽ እንዳትገዢ። አደራ።»

ሽማግሌው ይህን ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ታች ወረዱ። «አደራ» ያሏት ነገር ሐመልማልን እንቅልፍ ነሳት። ምንሽር ከባድ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እንደ እሷ ላለች አጭር ሴት ከቁመቷ ብዙ አይተናነስም። ምናልባት መሸከም የማትችለውን ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቅላው እንድትቀር ፈልገው ይሆን? በከርከሮውና በጅቡ ተማርራ መሬቱን እንደገና በእኩል እንድትሰጣቸው? ነገሩን በጎን ወግታ ብታየው ውስጡ እርጥብ መሰላት።

ሰው ሁሉ የየራሱን ጉዳይ የሚያወራ ከሆነ የማያውቃትን ሰው መጠየቅ ይሻላል ብላ አሰላ ወረደች። የመጋዘኑ የድሮ ዘበኛ ወደ አንድ ሽማግሌ መራት። ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ይባላሉ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የሊቀመንበሩንና የኦቦ ጉደታን ምክር ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟት።

«ሁለቱም ስለ ጠብመንጃው ነገሩሽ» አሉ። «ስለ ቦታው የጠየቀሽ የለም። የምትቆሚው የት ነው?»

«የቤቴ በር ላይ።»

«የቤትሽ በር ምን ያህል ሰፊ ነው?»

ሐመልማል ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «ለምን ይጠይቁኛል?»

«ጠባብ በር ከሆነ ረጅም አፈሙዝ ይዘሽ መዞር አትችዪማ።» ከጥግ ሁለት የውሃ ቧንቧ አነሱ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙን አስያዟትና፣ «ከበሩ ውጪና ወደ ግራ ዙሪ» አሏት። ቧንቧው መቃኑን መታ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና መታ። አጭሩን ሲሰጧት ያለ ችግር ዞረች።

«እንግዲያው አጭሩ ነዋ የሚሻለኝ» አለች።

«ቆይ። አሁን አጭሩን አንሺና ያችን ስልክ እንጨት አነጣጥሪባት። ቀጥሎ በረጅሙ።»

አደረገችው። አጭሩ ቧንቧ እጇ ላይ ሲዋልል ጫፉ የት እንደሚያመለክት እንኳ አልለየላትም። ረጅሙ ከብዶ ክንዷን አደከመው እንጂ፣ ጫፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ወዲያው ይታያታል።

«አየሽ፣ ረጅሙ ስህተትሽን ይነግርሻል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ጥይቱንም አፍጥኖ ይልካል። አጭሩ ለበር ይመቻል፤ ግን ጆሮ ያደነቁራል፣ የሩቁን ይስታል። ለአንቺ መካከለኛው ነው የሚሆንሽ። ጥይቱንም አስቢበት። የምንሽር ጥይት ወፍራምና ብርቱ ነው፤ ትከሻሽን ይረግጥሻል፤ ከርከሮውን በስቶ አልፎም ብዙ ይሄዳል። ባሁኑ ጊዜ ደግሞ ደህናው አይገኝም፣ ያለውም ያረጀ ነው። የክላሽ ጥይት ደከም ያለ ነው፣ ለከርከሮ ግን ይበቃል። አንድ ልጠይቅሽ። ከድንቹ ማሳ ወዲያ ማን አለ?»

ሐመልማል ማሳውን በሐሳቧ ወረደችበት። ከድንቹ ማሳ በታች የኦቦ ጉደታ ልጅ ቤት ሠርቷል። ሁለት ሕፃናት አሉት። ጥይት ከርከሮውን ቢስት የት እንደሚሄድ እስከዚያች ደቂቃ አስባ አታውቅም ነበር።

ቢሆንም ሽማግሌውን ሙሉ በሙሉ አላመነቻቸውም። መካከለኛ የሚሉት ጠብመንጃ የሚሸጥላቸው ዘመድ ይኖር ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ስለዚህ ሮቤ ውስጥ ፈቃድ ያለው ምንሽር ለሽያጭ ቀርቧል የሚል ወሬ ስትሰማ፣ «አብረን እንይው» አለቻቸው፤ ያልመከሩትን ጠብመንጃ እንዴት እንደሚያዩት ልትፈትናቸው ነው። ሃምሳ አለቃ ምንም ሳይከፋቸው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሻጩ ይበልጣል የሚባል የአርባ ዓመት ገበሬ ነው፤ ጨዋ፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው። የአባቱ ጠብመንጃ እንደሆነ ነገራቸው። አባቱ ሞተዋል፤ ምዝገባው ወደ እሱ ዞሯል፤ ወረቀቱ ሁሉ ትክክል ነው። ዋጋው ግን ከገበያው በጣም ያነሰ ነበር። ሐመልማል ዋጋውን እንደሰማች ጆንያው ላዩ ላይ ብቻ ንጹህ እንደሆነ ተሰማት።

ጠብመንጃው ከጨርቁ ሲወጣ ደግሞ ምንሽር ብላ ከምታውቀው ያጥራል።

ሃምሳ አለቃ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው በስንዝር ለኩት። «ይህ አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብረት ጎድሎታል» አሉ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። በመጋዝ የተቆረጠ ነው፤ ማነጣጠሪያውም በኋላ የተበየደ። ከዚያ ጣታቸውን በአፈሙዙ ላይ ቀስ ብለው ሲያንሸራትቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ተመልሰውም ዳሰሱት።

«ማን ቆረጠው?» ብላ ጠየቀች ሐመልማል።

ይበልጣል መሬት መሬት እያየ፣ «እንዲሁ ነው የተገዛው፣ እትዬ» አለ።

ውሸቱን ነው። ስንት ዓመት የሰማችው ድምፅ ነው፤ «እርጥበት የለውም፣ እትዬ» የሚሉት ሰዎች ድምፅ። ሃምሳ አለቃን ወደ ጎን ወሰደቻቸው።

«ጠብመንጃ ለምን ይቆረጣል?»

«ብዙ ምክንያት አለው። ከጋቢ ሥር ሊደብቀው የፈለገ ይቆርጠዋል። ጫፉ የተበላሸበትም ይቆርጠዋል። የዚህ…»

«ገባኝ» አለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ይዛ ቀርታለች። ሽማግሌው ያበጠውን የአፈሙዙን ቦታ ሊያሳዩዋት ዞር ሲሉ እሷ መንገድ ጀምራለች።

ሽያጩ የሚመዘገበው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ስለነበር እዚያው ገባች። ይበልጣል የሚባል ሰው ለመደበቅ የተቆረጠ ጠብመንጃ እየሸጠ መሆኑን፣ ማን እንደቆረጠው ሲጠየቅም መዋሸቱን ተናገረች። ምናልባት የሰው ደም ያለበት ሊሆን ይችላል አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ፖሊሶቹ ይበልጣልን አስጠሩት። ጠብመንጃው ተይዞ፣ እሱ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እንዲጠብቅ ተነገረው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። በዚያ በር የማያልፍ ሰው የለም። የሚያውቁት ሁሉ እያዩት አለፉ፤ አንዳንዱ ቆሞ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ሃምሳ አለቃ ደርሰው የሆነውን ሲሰሙ ሐመልማልን አንድ ጊዜ ተመለከቷትና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አላስጨረስሽኝም» አሏት።

«ምኑን?»

«ያ ብረት አብጧል። አንድ ቀን አፉ ታፍኖ ተተኩሶበታል። ጭቃ ወይ ጨርቅ ገብቶበት። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው የቆረጡት። አደገኛ ዕቃ ነው፣ አንገዛውም። የደበቀው ነገር እንዳለ ግን አንቺም እኔም አይተናል። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሐመልማል ግን ገብታ ቃሏን አላነሳችም። ማን ያውቃል፣ ተሰንጥቆም ለመደበቅም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል አለች ለራሷ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ በጋሪ መጣ። በዕድሜ ከይበልጣል ከፍ ይላል፤ መልካቸው አንድ ነው። ግራ ዓይኑን ነጭ ሸፍኖታል። ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ናቸው። ወንድምየው ኖህ ነበር። አግዳሚው ላይ ወንድሙን ሲያይ ከጋሪው ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሐመልማል ሁሉንም ሰማችው።

«እጄን የበላው ይህ ጠብመንጃ ነው» አለ ኖህ። «ለሰው የምንናገረው ማጨጃ መኪና ነው እያልን ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ወንድሜ ዝናብ ላይ ይዞት ወድቆ አፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሳያጸዳው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ማታ ጅብ መጣ፣ እኔ አንስቼ ተኮስኩ። አባታችን የተሰነጠቀውን አስቆርጠው አስቀመጡት። ‹የልጄ ጥፋት ነው እንዳይባል ዝም በሉ› አሉን፤ ዝም አልን። አሁን ዓይኔን ሊያሳክም ነው ሊሸጠው የነበረው። አትሽጠው፣ ሌላ ሰው ይጎዳል ብዬው ነበር። ጥፋቱ ይህ ነው። ሰው ግን አልነካም።»

ፖሊሱ ጻፈ። ጠብመንጃው ለአገልግሎት እንደማይሆን ተመዝግቦ እዚያው ቀረ፤ ይበልጣልም ተግሣጽ ተሰጥቶት ሂድ ተባለ። ሲወጣ ሐመልማል በመንገዱ ላይ ቆማ ነበር።

«ይበልጣል» አለች።

እሱ ቀና ሳይል በጎኗ አለፈ። ኖህ ግን ቆመ።

«ባለመግዛትሽ ደስ ብሎኛል፣ እህቴ» አላት። «ገዝተሽው ቢሆን ኃጢአቱ ለእኛ ነበር። ግን እሱን ልትጠይቂው ትችዪ ነበር። ወይም እኔን። ቤታችን ሩቅ አይደለም።»

«ዋሽቶኛል እኮ።»

«ዋሽቶሻል» አለ ኖህና ወደ ጋሪው ሄደ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሃምሳ አለቃ አንቀላፉ። ሐመልማል በመስኮቱ ስታይ ተጓዘች። በመጠርጠሯ አልተሳሳተችም፤ ብረቱ የታመመ ነበር፣ ሰውየውም የደበቀው ነገር ነበረው። ታዲያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን ከዓይኗ አልጠፋም?

በማግስቱ ማለዳ ወደ ኦቦ ጉደታ ቤት ወረደች። ከተመለሰች ወዲህ ከመሬት ጉዳይ በቀር ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። ሽማግሌው በሬያቸውን እያጠጡ አገኘቻቸው።

«ኦቦ ጉደታ፣ አንድ ነገር ፊት ለፊት ልጠይቅዎ። ክላሽ አትግዢ፣ አደራ ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ልጃቸው ቤት ጠቆሙ። ቆርቆሮው ከድንቹ ማሳ ሥር ያብለጨልጫል። «ክላሽ አንዴ ከተነካ አንድ ብሎ አያቆምም። ልጆቹ እዚያ ናቸው የሚተኙት። ምንሽር የያዘ ሰው ጥይት ስለሚሳሳ አስቦ ይተኩሳል ብዬ ነው።»

«የምንሽር ጥይት እኮ ይብሳል። ግድግዳውን በስቶ ነው የሚሄደው።»

ኦቦ ጉደታ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን አላውቅም ነበር» አሉ።

«ስለ ልጆቹ ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ሐመልማል የልጆቹን ቤት ቆርቆሮ መልሳ አየችው። በሬው ጠጥቶ እስኪጨርስ አጠገባቸው ቆየች።

በወሩ ሃምሳ አለቃ አንድ ሲሞኖቭ ሲሬ ካሉ አንዲት መበለት እጅ አገኙ። የክላሽን ጥይት የሚጎርስ፣ ግን ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ብቻ የሚተፋ ጠብመንጃ ነው። አፈሙዙ ከክላሽ ይረዝማል፣ ከምንሽር ያጥራል። ሐመልማል በገላው ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየች፤ አፈሙዙን ከሥር እስከ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ውስጡን ወደ ብርሃን ይዛ አየች። ከዚያ ሴትዮዋን፣ «ለምን ይሸጡታል?» ብላ ጠየቀች። መበለቲቱ ወንዶች ልጆቿ ተጣልተው ስለማይነጋገሩ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ እንደማትፈልግ ነገረቻት። ሐመልማል ይህንንም ብትጠረጥረውም ገዛችው።

ባዶው የወረቀት ቦታ ጢቾ ላይ ተሞላ። ኦቦ ጉደታና ልጃቸው በድንቹ ማሳ የታችኛው ዳርቻ፣ ጀርባው ለልጆቹ ቤት፣ ፊቱ ለዳገቱ የሆነ ማማ ሠሩላት፤ ከዚያ የሚተኮስ ጥይት ሁሉ ዳገቱ ላይ ነው የሚቀበረው። ሃምሳ አለቃ ሁለት ቀን አድረው መተኮስ አስተማሯት። በመጀመሪያው ቀን ትከሻዋ አበጠ፤ በሁለተኛው ቀን ሰባ እርምጃ ላይ የተሰቀለ ጀሪካን መታች። ከሳምንት በኋላ አመሻሹ ላይ ከርከሮዎቹ ሲወርዱ የመጀመሪያውን ሳተችና ሁሉም በረገጉ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጣለችው። በዚያ ዓመት ድንቹ ተረፈ።

ሊቀመንበሩ የሮንዱን ተራ ይዞ መጣ፤ መሣሪያውን የሚወስድ ጎረምሳም አስከትሏል። «መሣሪያው የሚወጣው ከእኔ ጋር ነው» አለችው። ጋቢዋን ደርባ ወጣች፤ ከወንዶቹ ጋር ከትምህርት ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ስትዞር አመሸች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገች በኋላ ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ። ማን እንዳወጣው አልነገሯትም።

ሮቤ ገበያ ስትሄድ አሁንም ወንድማማቾቹን ታገኛቸዋለች። ኖህ በግራ እጁ ሰላም ይላታል። አንድ ቀን ዓይኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሐኪም አይቶት የሚድን እንዳልሆነ ነግሮኛል አላት። ይበልጣል ከጋሪው ማዶ በሬውን እየፈታ ነበር። «ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር» አለችው ለኖህ። «እሱ እዚያ ነው፣ ሂጂና በይው» አላት። ሐመልማል በገበያተኛው መካከል ጋሪውን ዞራ ሄደች። ይበልጣል ስትመጣ አያትና እጁ ላይ ያለውን ጠፍር አጥብቆ ያዘ፤ ግን አልሸሸም። የምትለውን አለችው። እሱ ሰማት፤ ራሱን አንድ ጊዜ ነቀነቀና በሬውን ውሃ ሊያጠጣ ወሰደው። ይቅር ብሏት ይሁን፣ ወይም እንድትሄድለት ብቻ ፈልጎ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም።